መልስ፦ የወረርሽኝ ክትባት ለምን አስቀድሞ አይከማችም?

የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ክትባት ለምን ቀድሞ ተሠርቶ መጋዘን እንደማይገባና እስኪደርስ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ጠይቀዋል።

ቫይረሱ መልኩን ይቀያይራል። ወረርሽኙን የሚያስነሣው ዝርያ ሳይታወቅ ልክ የሚገጥመውን ክትባት መሥራት አይቻልም። ከታወቀ በኋላም ቫይረሱን በዶሮ እንቁላል ውስጥ ማሳደግ፣ ማጣራትና መፈተሽ አለ፤ አምስት ስድስት ወር ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2009 ወረርሽኝ ያስነሣው ኤች1ኤን1 የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ የታወቀው በኤፕሪል ነው፤ አሜሪካ ክትባቱን መስጠት የጀመረችው በኦክቶበር ሲሆን ሁለተኛው ማዕበል ቀድሞ ተነሥቶ ነበር።

ስለዚህ የአገር ዝግጅት የሚፈተነው በእነዚያ ባዶ ወራት ነው። በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተት የመድኃኒት ክምችቱ ሳይሆን ማከፋፈሉ ነው። ኦሴልታሚቪር የተባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ምልክት በታየ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። መድኃኒቱ ማዕከላዊ መጋዘን ሞልቶ ታማሚው ጋ በአራተኛው ቀን ከደረሰ ብዙው ጥቅሙ አመለጠ ማለት ነው። መርፌና ስሪንጅም ከክትባቱ እኩል መታሰብ አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ።

ቤት ውስጥ፦ ታማሚው ለብቻው ክፍል ይሁን፣ መስኮት ይከፈት፣ አስታማሚው አንድ ሰው ይሁን። የበር እጀታና ጠረጴዛ ለማጽዳት 5 በመቶ የሆነ በረኪና 20 ሚሊ ሊትር በ980 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ። መጀመሪያ ግን በሳሙና ይጠቡት፤ ቆሻሻ የክሎሪኑን ኃይል ይጨርሰዋል። ብጥብጡን ዕቃው ላይ ቀብተው 10 ደቂቃ ያቆዩት። ብጥብጡ በየቀኑ አዲስ ይሁን። ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ታማሚው ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ተሽሎት ትኩሳቱ ካገረሸ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ይውሰዱት።