እፎይታም ያስተምራል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ከሄርማታ ነው የምጽፍልዎ። እህቴ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ስለሆነች የጄኔራል ሳይኮሎጂ ሞጁሏን እያነበብኩ ነው። ክላሲካልና ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ ይምታቱብኛል። ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ማለት ቅጣት ነው ብላት ደግሞ ሳቀችብኝ። አስረጂኝ ስላት ግን እሷም አልቻለችም።»

እህትሽ ትሳቅ፣ ተያት። እሷም ለፈተና ሸምድዳው ይሆናል። ይህንን ምዕራፍ ሳስተምር ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚችው ጋ ነው።

ኮንዲሽኒንግ ማለት በልምድ መማር ነው፤ ክላሲካሉና ኦፐራንቱ ሁለት መንገዶቹ ናቸው። ከክላሲካሉ እንጀምር። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ስለ መማር ላጥና ብሎ አልተነሳም። ሰውየው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመውም ስለ ምግብ መፈጨት ባጠናው ነው። ታዲያ ለጥናቱ የያዛቸው ውሾች ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ የሚያበላቸውን ሰው ገና ሲያዩት ለሃጫቸው ይዝረበረብ ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬን አበላሹብኝ ብሎ ይናደድ ነበር። እሱ ግን ይህችኑ ያዘና ዕድሜውን ሙሉ ተከታተላት።

አሁን ቤታችሁ ቡና ሲፈላ አስቢ። ጅማ ተቀምጠሽ ይሄ አይጠፋሽም። ቡናው ተቆልቶ ሙቀጫ ውስጥ ገባ፤ ዘነዘናው ዱቅ ዱቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ የቡና ቁርስ ይቀርባል፤ ትኩስ አምባሻ እንበል። አምባሻ አፍሽ ሲገባ ምራቅሽ የሚመጣው ማንም አስተምሮሽ አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው። የሙቀጫ ድምፅ ግን ለብቻው ከምራቅ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ሁለቱ ተከታትለው ሲመጡ፣ ሲመጡ ግን ድምፁ ብቻውን ምራቅሽን መጥራት ይጀምራል። በሞጁሉ አጠራር አምባሻው አንኮንዲሽንድ ስቲሙለስ (ሳንማር የሚቀሰቅሰን ነገር)፣ የሙቀጫው ድምፅ ኮንዲሽንድ ስቲሙለስ (ተምረን የሚቀሰቅሰን ነገር)፣ በድምፁ የመጣው ምራቅ ደግሞ ኮንዲሽንድ ሪስፖንስ (የተማርነው ምላሽ) ነው።

ጎረቤት በርበሬ ሲወቀጥም ምራቅሽ ከመጣ ጄነራላይዜሽን ነው። የበርበሬውን ከቡናው ለይተሽ ለቡናው ብቻ ከመጣ ዲስክሪሚኔሽን። አምባሻው ቀርቶ ለሳምንታት ቡናው ብቻውን ከተጠጣ ምራቁ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ኤክስቲንክሽን ይሉታል። ሰንበትበት ብለሽ ድምፁን ስትሰሚ ደግሞ ድንገት ብቅ ሊል ይችላል። ይሄ ስፖንቴኒየስ ሪከቨሪ ነው፤ ፈታኞች ይወዱታል፣ እንዳትዘይው።

እዚህ ሁሉ ውስጥ አንቺ ምንም አላደረግሽም። ቁጭ ባልሽበት ነው ምራቁ የመጣው። ኦፐራንት ላይ ግን ቀድመሽ አንድ ነገር ታደርጊያለሽ፤ ከዚያ የሚከተለው ነገር ድርጊትሽን ያበዛዋል ወይም ይቀንሰዋል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1898 ድመቶችን ሳጥን ውስጥ እየዘጋ ይህንን አሳይቷል። ድመቷ ስትቧጥጥ፣ ስትገፋ፣ በአጋጣሚ መክፈቻውን ነካችና ወጣች፤ ውጭ ምግብ ጠበቃት። እየተደጋገመ ሲሄድ በፍጥነት መውጣት ቻለች። ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር ይህንን አስፋፍቶ ዛሬ የምታነቢያቸውን ስሞች ሰጣቸው።

ወደ ጠብሽ እንምጣ። ጥሩ ነው መጥፎ የሚለውን እርሺው። መጀመሪያ የምትጠይቂው «ድርጊቱ በዛ ወይስ ቀነሰ?» ነው። ከበዛ ማጠናከሪያ (ሪኢንፎርስመንት) ነው፣ ከቀነሰ ቅጣት ነው። አለቀ። ከዚያ በኋላ «አንድ ነገር ተጨመረ ወይስ ተነሳ?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ከተጨመረ ፖዘቲቭ፣ ከተነሳ ኔጌቲቭ።

ጠዋት እናትሽ «ተነሽ! ተነሽ!» እያለች ስትጨቀጭቅሽ፣ ብድግ ስትይ ጭቅጭቁ ቀጥ ካለ፣ በማግስቱም ቶሎ መነሳት ከጀመርሽ፣ ይሄ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነው። የሚያስጠላ ነገር ተነሳልሽና ድርጊቱ በዛ። ማታ ማታ ስልክ ላይ ስታፈጪ ስልኩን ብትነጥቅሽና ማፍጠጡ ቢቀንስ ደግሞ ኔጌቲቭ ቅጣት ነው። ሁለቱም ላይ የተነሳ ነገር አለ፤ የሚለያቸው ድርጊቱ ወዴት እንደሄደ ነው።

አንድ ጥያቄ ልስጥሽ፣ ለእህትሽም ወስደሽ ጠይቂያት። ሒሳብ የሚያስጨንቀው ልጅ ክፍል ውስጥ ይረብሻል፤ መምህሩ «ውጣ!» ብሎ ያባርረዋል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልጁ ብሶበት ይረብሻል። መምህሩ ቀጣሁት ይላል። ልጁ ግን ከሒሳብ ተገላገለ፣ መረበሹም ጨመረ። መልሱ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ነው። መምህሩ ምን አሰበ የሚለው እዚህ ቦታ የለውም።

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። የአራት ዓመት ልጄ ሱቅ ደጃፍ በደረስን ቁጥር ብስኩት ካልተገዛልኝ ብሎ መሬት ላይ ይንከባለላል። አብዛኛውን ጊዜ እምቢ እላለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ግን አፍሬ እገዛለታለሁ። ባለቤቴ መድኃኒቱ አለንጋ ነው ይላል።»

እህቴ፣ እዚያ ሱቅ በር ላይ የሚማረው ልጅዎ ብቻ አይደለም። እሱ ሲጮህ ብስኩት አገኘ፤ ጩኸቱ ተጠናከረ። እርስዎ ሲገዙለት ደግሞ ጩኸቱ ቀጥ አለ፣ የሰው ዓይን ተነሳልዎት፣ እፎይ አሉ። በሚቀጥለው ጊዜ እጅዎ ወደ ቦርሳ የሚሄደው ለዚህ ነው። ከላይ ለተማሪዋ ያስረዳሁት ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት እርስዎ ላይ እየሠራ ነው።

«አብዛኛውን ጊዜ እምቢ እላለሁ» ያሉትን ደግመው ያንብቡት። ችግሩ እሱ ነው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚሸለም ድርጊት ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል። ልጁ የዛሬው እምቢታ የምር ይሁን፣ ወይስ ትንሽ ቢጨምርበት የሚሰበር፣ በምን ይወቅ? ስለዚህ ይሞክረዋል።

በጩኸት መግዛቱን ጨርሶ ያቁሙ። ግን ይዘጋጁ፦ መጀመሪያ ላይ ይብስበታል። እስከ ዛሬ የሠራለት ነገር ሲከሽፍበት ድምፁን ይጨምራል፣ ይረግጣል፣ ምናልባት ጫማውን ይወረውራል። እዚያ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከገዙለት፣ የሚማረው የበለጠ መጮህ እንደሚያዋጣ ነው። ባለሱቁን አስቀድመው ቢያስጠነቅቁት ጥሩ ነው፤ የእኛ ባለሱቅ «አይ እማዬ፣ ይውሰድ፣ እኔ ሰጥቼዋለሁ» ማለት ይወዳል፣ ድካምዎ ሁሉ ውሃ ይበላዋል። በሌላ በኩል ብስኩቱን ጨርሰው አይከልክሉት። ሳይጮህ ባለፈ ቀን፣ ወዲያው፣ «ዛሬ በጸጥታ ስለሄድክ ነው» ብለው ይስጡት።

ስለ አለንጋው ለባለቤትዎ ይህንን ያንብቡለት። ዱላ ጩኸቱን ለጊዜው ጸጥ ሊያደርገው ይችላል፤ በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አይነግረውም። ልጁም ጩኸቱን ትቶ አባቱን መፍራት ሊማር ይችላል። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት፣ ትልቅ ሰው ቦቦ የተባለችውን አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ኋላ እነሱም ደብድበዋታል። የተገረፈ ልጅም ታናሹን መግረፍ ከማን እንደሚማር ግልጽ ነው። ደግሞ ለባልየው ዱላ የሚጥመው ለምን እንደሆነ ልብ ይበሉ፦ ጩኸቱ ቶሎ ጸጥ ይልለታል። እሱም እፎይ ይላል።

«ባጃጅ ሹፌር ነኝ። ልጅ ሆኜ ውሻ ነክሶኛል። እስከ ዛሬ ማታ ውሻ ያለበትን ቅያስ ዞሬ ነው የማልፈው፤ ነዳጅ ጨረስኩ። ይሄ ነገር ይለቃል?»

ይለቃል ወንድሜ፣ በዙረት ግን አይለቅም። ፍርሃቱን የተማርከው በክላሲካሉ መንገድ ነው፦ ውሻና ሕመም አንድ ላይ መጡ። ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 አልበርት ብለው በጠሩት ሕፃን ላይ ይህንኑ አድርገዋል። ነጭ አይጥ ባሳዩት ቁጥር ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመቱ ነበር። ሕፃኑ አይጧን ፈራ፤ ፍርሃቱ ወደ ጥንቸልና ወደ ውሻም ተዛመተ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ ማንም አይፈቅድም፣ ደግሞም ግፍ ነው።

ፍርሃትህን እስከ ዛሬ ያቆየው ግን ዙረቱ ነው። መሪውን በጠመዘዝክ ቁጥር ልብህ ይረጋጋል፤ ያ እፎይታ በማግስቱም ያስጠመዝዝሃል። ውሻው ዛሬ ምንም እንደማያደርግህ የምታይበት ዕድል አታገኝም።

ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ሕፃን ረድታለች። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ከሩቅ ታስቀምጠዋለች፤ ቀስ በቀስ ታቀርበዋለች። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሉን ዳሰሰው። አንተም የምታውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ከታሰረና ከተከተበ ውሻ ጀምር። ራቅ ብለህ ቁጭ በል፣ ቡናህን ጠጣ፣ ፍርሃቱ ሲረግብ ብቻ ወንበርህን ትንሽ አስጠጋ። በፍርሃትህ ጫፍ ላይ ተነስተህ አትሂድ፤ እስኪረግብ ጠብቅ። ብቻህን ከከበደህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያግዝሃል።

የመንደር ውሻ ሁሉ ይዳሰስ አላልኩም። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። ከተነከስክ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂድ።