አማን ልሂድ ወይስ ባንክ ልግባ?

የጎንደሯ እህታችን የላከችልኝ ደብዳቤ ረጅም ነው። ስሟን ትቼ ዋና ዋናውን ላስቀምጥ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። የተመረቀችው በትምህርት ዕቅድና አስተዳደር ነው። ጋምቤላ ውስጥ በስደተኛ ካምፖች ትምህርት ቤቶች ላይ በሚሠራ ድርጅት ተቀጥራ ቆይታለች። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ እሷም ሥራ ፈታች። አሁን ሁለት ዕድል ቀርቦላታል። አንዱ በአባቷ ወዳጅ በኩል የተገኘ፣ አዲስ አበባ የሚገኝ የባንክ ሥራ ነው። ሌላው ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ፣ ኡንርዋ በሚባለው የተመድ የፍልስጤም ስደተኞች ድርጅት የትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። የአንድ ዓመት የዩኤን ቮለንቲየር (የተመድ በጎ ፈቃደኛ) ውል ሲሆን የመጨረሻ ቃለ መጠይቅ ይቀራታል።

እንዲህ ትላለች፦ «እናቴ ‹የአሸባሪዎች ድርጅት ነው› ብላ ታለቅሳለች። እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ የሚኖሩት አክስቴ ‹እዚያ ከገባሽ ስልኬን እርሺው› አሉኝ። ልጃቸው ተጠባባቂ ወታደር ነው። አጎቴ ‹ዶላር እያለ ምን ያሳስብሻል?› ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ‹የአሜሪካ ቪዛ አታገኚም› ብሎ ያስፈራራኛል። አባቴ የጀመሩትን ቤት እንዳስጨርስ ይጠብቃሉ። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የጨነቀኝ የድርጅቱ ስም ነው። ሲቪዬ ላይ ከሰፈረ ዕድሜ ልኬን አይከተለኝም?»

እህቴ፣ ቪዛውን በአጭሩ ልለፈው። የወንድምሽ ወሬ ሕግ አይደለም፣ ካሳሰበሽ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ። «እንግሊዝኛዬ ይበቃል?» ላልሽውም፣ እስከ መጨረሻው ቃለ መጠይቅ ያደረሱሽ ሰዎች መልሰውልሻል። አረብኛውን ግን ከአሁኑ ጀምሪ።

ወደ ስሙ ልምጣ። እኔ ሥራ የጀመርኩት ዶሎ አዶ፣ የስደተኛ ልጆችን በማስተማር ነው። ከዚያ ወዲህም ከዚህ ሥራ ርቄ አላውቅም። ስለዚህ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚውል ሰው በጅምላ «አሸባሪ» ሲባል ዝም ማለት አይሆንልኝም። ክሱን ግን አልሸፋፍንልሽም። ምን ውስጥ እንደምትገቢ አውቀሽ ግቢ።

ኡንርዋ በ1949 መጨረሻ በተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ተቋቁሞ በ1950 ሥራ ጀመረ። በ1948ቱ የአረብና የእስራኤል ጦርነት ከቤታቸው ለተፈናቀሉ ወደ 750,000 ፍልስጤማውያን ታስቦ ነው፣ ያውም ለጊዜው ተብሎ። መፍትሔ ስላልተገኘ ጉባኤው በየሦስት ዓመቱ ገደማ ዕድሜውን ያራዝምለታል። ዛሬ በጋዛ፣ በዌስት ባንክ፣ በዮርዳኖስ፣ በሊባኖስና በሶሪያ 5.9 ሚሊዮን ያህል ሰው መዝግቦ ይዟል፣ ምክንያቱም ስደተኝነቱ በአባት በኩል ለልጅና ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። እስራኤል «ይህ ድርጅት ስደቱን ያራዝመዋል» የምትለው በዚህ ነው። ድርጅቱ ደግሞ «ያራዘመው የፖለቲካ መፍትሔ መጥፋቱ ነው፣ ስደት ሲረዝም የሌሎች አገሮችን ስደተኞች የሚረዳው የተመድ ድርጅት ዩኤንኤችሲአርም ልጆችን ይመዘግባል» ብሎ ይመልሳል። ጋምቤላ የሠራሽ ነሽና ካምፕ ተወልደው እዚያው ልጅ የወለዱ ሰዎች ታውቂያለሽ። ይህን ክርክር ከእኔ በላይ ትመዝኚዋለሽ።

የ2024ቱ ክስ ከዚህ ይከብዳል። እስራኤል 12 የኡንርዋ ሠራተኞች ሐማስ የተባለው የፍልስጤም ታጣቂ ቡድን በ2023 ኦክቶበር 7 ባደረሰባት ጥቃት ተሳትፈዋል አለች። አሜሪካን ጨምሮ ከአሥር በላይ አገሮች ገንዘባቸውን አቆሙ። የተመድ የውስጥ ምርመራ ቢሮ በኋላ የ19 ሠራተኞችን ጉዳይ መረመረ። በዘጠኙ ላይ የቀረበው ማስረጃ፣ እውነተኛነቱ ከተረጋገጠ፣ ተሳትፈው ሊሆን እንደሚችል ያሳያል ብሎ ደመደመ፣ ሰዎቹም ተሰናበቱ። በሌሎች ዘጠኙ ላይ የቀረበው በቂ አልነበረም፣ በአንዱ ላይ ጭራሽ ማስረጃ አልተገኘም። በቀድሞዋ የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በካትሪን ኮሎና የተመራው አጣሪ ቡድን ደግሞ ድርጅቱ ገለልተኛነቱን የሚጠብቅበት አሠራር ከመሰሎቹ የተሻለ ቢሆንም ክፍተት አለበት አለ። እስራኤል «ብዙ ሠራተኞቹ የታጣቂ ቡድን አባላት ናቸው» ላለችውም እስከዚያ ድረስ ማስረጃ አላቀረበችም ሲል ጻፈ። ይህ ሁሉ እስራኤልን አላሳመነም። ፓርላማዋ በ2024 ኦክቶበር የድርጅቱን ሥራ የሚያግዱ ሁለት ሕጎች አጸደቀ።

ዘጠኝ ሰው ቀላል ቁጥር አይደለም። አንድም ቢሆን ቀላል አይሆንም ነበር። ድርጅቱ ግን ወደ 30,000 ሠራተኞች ነበሩት። አብዛኞቹ ራሳቸው ስደተኞች ሲሆኑ መምህር፣ ነርስ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢ ሆነው ነው የሚሠሩት። ከዚያ ጥቃት በኋላ ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ጋዛ ውስጥ ከ300 በላይ የሚሆኑት ተገድለዋል። እናትሽ ይህንን የሰሙ አይመስለኝም። ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው።

በ2023 የሆነውን አስታውሺ። የእርዳታ እህል ተሰርቆ ሲገኝ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ እደላ አቆሙ። ጋምቤላ ያሉ ስደተኞችም ለወራት ሳይሰፈርላቸው ቀረ። ስርቆቱ እውነት ነበር። የተራቡት ግን ሌቦቹ አልነበሩም። ያን ሰሞን የእርዳታ ሠራተኛ ሁሉ «ሌባ» ሲባል አንቺ እዚያው ነበርሽ፣ አንድ ኩንታል አልነካሽም። ዛሬ ያንን ሥራ ሲቪሽ ላይ ሳታፍሪ ጽፈሻል። ልክ ነሽ። የኡንርዋንም እንዲሁ ትጽፊዋለሽ። ነገ የሚቀጥርሽ ሰው የሚጠይቅሽ ምን እንደሠራሽ ነው። በስሙ ብቻ ፊቱን የሚያዞርብሽ ቀጣሪም አይጠፋም፣ ይህንን አውቀሽ ተቀበዪው።

እኔን የሚያሳስበኝ ፌስቡክሽ ነው። ስለ አገራችን ጦርነት «የተሰማኝን ሁሉ እጽፋለሁ» ብለሽኛል። እዚያ ይህ አይቻልም። በ2021 መንግሥታችን ሁለት የታወቁ የእርዳታ ድርጅቶችን ለሦስት ወር ሲያግድ ከክሶቹ አንዱ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተጻፈ ነገር እንደነበር ታስታውሻለሽ። ብዙም ሳይቆይ ሰባት የተመድ ኃላፊዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው እንዲወጡ ታዘዙ። ኡንርዋ ላይ ደግሞ ዓለም ሁሉ ዓይኑን ተክሏል። አንዲት የተጋራች ፎቶ፣ አንዲት ባንዲራ፣ አንዲት «ላይክ» በአንቺ ላይ ሳታቆም ድርጅቱ ላይ ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። የምትገቢበት ክፍልም ራሱ ጠብ አያጣውም። ድርጅቱ የሚያስተምረው በየአገሩ የመማሪያ መጽሐፍ ነው፣ ዮርዳኖስ ውስጥ በዮርዳኖስ፣ ጋዛና ዌስት ባንክ ውስጥ በፍልስጤም አስተዳደር መጽሐፍ። በመጽሐፎቹ ይዘት ላይ ያለው ውዝግብ የዓመታት ነው። አጠገብሽ የሚቀመጠው ባልደረባ ጋዛ ውስጥ ወንድሙን ቀብሮ ይሆናል። ማታ ደግሞ የአክስትሽ ልጅ መልእክት ይልክልሻል። ለሁለቱም አዝነሽ፣ አደባባይ ላይ ለማንም ሳትወግኚ አንድ ዓመት መቆየት ትችያለሽ? አልችልም ካልሽ አትሂጂ። አያሳፍርም። ያኔ ባንኩ ይሻልሻል።

አክስትሽን በተመለከተ፣ ዜናውን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ራስሽ ደውዪላቸው። የልጃቸው ነገር እንቅልፍ ይነሳቸዋል፣ ስለ ኮሎና ሪፖርት ልትከራከሪያቸው አትነሺ። ዮርዳኖስ ውስጥ የሕፃናት ትምህርት ላይ እንደምትሠሪ፣ ስለ ልጃቸውም እንደምትጸልዪ ንገሪያቸው። ቢቆጡ ተቆጥተው ይዝጉት። በበዓሉ እንደገና ደውዪ።

አጎትሽ ግን ተሳስተዋል። ዩኤን ቮለንቲየር የሚከፈለው ደሞዝ ሳይሆን የኑሮ መደጎሚያ ነው። አማን ቤት ተከራይተሽ ስትኖሪ የሚተርፍሽ ብዙ አይሆንም። ድርጅቱ ራሱ የሚኖረው ከሞላ ጎደል መንግሥታት በፈቃዳቸው በሚሰጡት ገንዘብ ነው። ትልቋ ለጋሽ የነበረችው አሜሪካ በ2018 አቆመች፣ በ2021 መለሰች፣ በ2024 ደግሞ አቆመች። በ2018 ብቻ ጋዛና ዌስት ባንክ ውስጥ ከ250 በላይ ሰዎች ሥራቸውን አጥተዋል። የአንዲት አገር ምርጫ ሥራ እንዴት እንደሚያሳጣ ለአንቺ መንገር አያስፈልግም። እናም አባትሽን ፊት ለፊት ንገሪያቸው፦ «በዚህ ዓመት ለቤቱ የምሰጠው ገንዘብ የለኝም።» ቤቱን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። በሃያ ሰባት ዓመትሽ የምትመርጪው ሥራ በጣሪያ ቆርቆሮ ዋጋ ሊወሰን አይገባም። ይሉኝታ ይዞሽ ዝም ካልሽ አማን ሆነሽ በየወሩ ትበደሪያለሽ።

ታዲያ ለምን ሂጂ እላለሁ? ለትምህርቱ። ጋምቤላ የለመድሽው የዩኤንኤችሲአርን አሠራር ነው፣ እሱ አብዛኛውን ሥራ በመንግሥትና በአጋር ድርጅቶች በኩል ያሠራል። ኡንርዋ ትምህርት ቤቱን ራሱ ያስተዳድራል። መምህሩን ይቀጥራል፣ ደሞዝ ይከፍላል፣ ክፍል ሲጠብ በፈረቃ ያስተምራል። ዮርዳኖስ ውስጥ ብቻ ወደ 160 ትምህርት ቤቶች አሉት። ገንዘብ በተቋረጠ ቁጥር ያን ሁሉ ክፍል ሳይዘጉ ማቆየትን በቅርብ አይቶ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ የትምህርት ባለሙያ ብዙ የለንም። እኛም አገር ስደተኛው ብዙ ነው፣ ገንዘቡም እያነሰ ነው። አንቺ ስትመለሺ የሚፈልግሽ አታጪም።

በቃለ መጠይቁ ላይ አንቺም ጠይቂ። የሥራ መደቡን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው? ገንዘቡ በመሐል ቢቆም ውሌ ምን ይሆናል? የሚታደሰውስ በምን ሁኔታ ነው? ማኅበራዊ ሚዲያን የሚመለከተውን መመሪያ ከመፈረሜ በፊት ላንብበው በያቸው። መልሱን አድበስብሰው ካለፉት ተጠንቀቂ።

የባንኩን በር ደግሞ በጥፊ አትዝጊው። ለአባትሽ ወዳጅ ዛሬውኑ ደውለሽ አመስግኛቸው። መልስሽን ከቃለ መጠይቁ በኋላ እንደምትሰጪ ቁርጥ ያለ ቀን ንገሪያቸው፣ ቀኑንም አታሳልፊ።