«ሞተሩ አልተነካም» ተብዬ የገዛሁት መኪና ቴስታው ተበይዶ ተገኘ፤ መመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም የምኖር መምህር ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ባሕር ዳር ላይ ከአንድ ግለሰብ ያገለገለ ቪትዝ ገዛሁ። ያገኘሁት ደላላ በቴሌግራም ከለቀቀው ማስታወቂያ ነው። «ሞተሩ ያልተነካ፣ ግጭት የማያውቅ፣ 96 ሺህ ብቻ የሄደ» ይላል። ሻጩም ይህንኑ በድምፅ መልእክት አረጋግጦልኛል። የተስማማነው በ1 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር ነው፤ ውሉ ላይ ግን «ግብር እንዳይበዛ» ተብሎ 600 ሺህ ተጻፈ። 600 ሺውን በሻጩ ሂሳብ፣ ቀሪውን 750 ሺህ በሚስቱ ሂሳብ አስገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት መኪናው መሞቅ ጀመረ። መካኒክ ሲከፍተው ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ከዚህ በፊት ተበይዷል። ከወንበሩ ሥር የወደቀች የዘይት መቀየሪያ ካርድም ተገኘች፤ 214 ሺህ ኪሎ ሜትር ትላለች። ያኔውኑ ለሻጩ ስደውል «አይተህ፣ አስፈትሸህ ነው የገዛኸው» ብሎ ዘጋብኝ። ውሉም «ባለበት ሁኔታ አይቼና አስፈትሼ ተረክቤያለሁ» ይላል። መኪናውን መመለስ እችላለሁ? ደላላውስ አይጠየቅም? ፖሊስ ጋ ልሂድ?

መልስ፦ የመክሰስ መብት አለዎት። «ባለበት ሁኔታ» የምትለው ሐረግ ብቻዋን ሻጩን አታድነውም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ውሉ ላይ የሰፈረው 600 ሺህ ብር። እሱን ከታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የሸማቾች ሕግ የሚባለውን እናንሳው፣ ብዙ ሰው ወደሱ ስለሚሮጥ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ግን ይህ የሚሠራው ሻጩ ነጋዴ ሲሆን ነው። የርስዎ ሻጭ የገዛ መኪናውን የሸጠ ግለሰብ ከሆነ በዚህ አዋጅ አይያዝም። አንድ ነገር ግን ያጣሩ። በእኛ አገር መኪና እየገዛ የሚሸጥ ሰው ሊብሬውን ወደ ስሙ ሳያዞር በውክልና ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ውሉ ላይ የፈረመው ባለ ሊብሬው ራሱ ነው ወይስ ወኪል? ወኪል ከሆነ ክስዎ በወካዩ ላይ ስለሚሆን የውክልናውን ቅጂ ከሰነዶች ማረጋገጫ ያውጡ። ባለ ሊብሬው ራሱ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው።

የርስዎ ጉዳይ የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው። አንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው ይላል። አንቀጽ 2289 ደግሞ ጉድለት ማለት ምን እንደሆነ ይዘረዝራል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ የማይሆን ከሆነ፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በዝምታ የታሰበው ጠባይ ከሌለው ጉድለት አለበት። «96 ሺህ የሄደ፣ ሞተሩ ያልተነካ» ተብሎ የተሸጠ መኪና 214 ሺህ ሄዶ ቴስታው ተበይዶ ከተገኘ፣ የተባለው ጠባይ የለውም ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ለዚህ ዋስትና ሻጩ ማወቁ አይጠየቅም። «እኔም ሳላውቅ ነው የገዛሁት» ቢልም በመርህ ደረጃ ተጠያቂ ነው።

ሆኖም አሮጌ መኪና አሮጌ ነው። ጎማው ተበልቷል፣ ፍሪሲዮኑ ደክሟል፣ ወንበሩ ተቀዷል ብለው ቢከሱ ዳኛው አይሰማዎትም። ዓይን ሊያየው የሚችለውን ጉድለት አይቶ የገዛ ሰው ኋላ አላየሁም አይልም። በሩ ላይ ያለ ስቱኮም (የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልስን) ቢሆን በማግኔት ሊታወቅ ስለሚችል ያከራክራል። ቴስታ ውስጥ ያለ ብየዳ ግን ሞተር ካልተፈታ አይታይም። የተቀነሰ የኪሎ ሜትር ቆጣሪም እንደዚሁ።

ታዲያ «ባለበት ሁኔታ» የሚለውስ? ሕጉ ተዋዋዮች የሻጩን ዋስትና በውል እንዲቀንሱ ወይም እንዲያስቀሩ ይፈቅዳል። ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል ከደበቀ፣ ያ የውል ቃል ዋጋ የለውም። እንግዲህ የሻጩ ማወቅ አለማወቅ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። እኔ ጉዳዩን ብይዘው ሁለት ነገር እከራከራለሁ። አንደኛ፣ «አይቼ ተረክቤያለሁ» ማለት የታየውን ተቀብያለሁ ማለት እንጂ የተሰወረውንም ይቅር ብያለሁ ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ሻጩ ያውቅ ነበር። ለሁለተኛው ማስረጃ ያስፈልጋል። የዘይት ካርዷን በደንብ ያገላብጡ። ቀን አላት? የጋራዥ ስም አላት? ቀኑ መኪናው በሻጩ እጅ በነበረበት ጊዜ ከሆነ ግማሹን ክርክር አሸነፉ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከሆነ ግን ሻጩ «እኔም ተታልዬ ነው» ለማለት በር ያገኛል። በሊብሬው ላይ ከሰፈረው የባለቤትነት ዝውውር ቀን ጋር ያስተያዩት።

ማታለሉ ከተረጋገጠ ሌላ መንገድም አለ። በአንቀጽ 1704 መሠረት ተንኰል ባይፈጸምብኝ ይህን ውል አልገባም ነበር ብለው ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ። የዚህ ክስ ጊዜ በአንቀጽ 1810 ሁለት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ማታለሉን ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

አሁን ወደ 600 ሺው። እዚህ ላይ በትክክል ልንገርዎት፣ ግብር ለመቀነስ ብሎ ዋጋ ማሳነስ የሚጎዳው ገዢውን ነው። ሕጉም አይፈቅደውም። ውሉ ሲፈርስ ተዋዋዮች ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ እርስዎ መኪናውን፣ እሱ ገንዘቡን። የትኛውን ገንዘብ? ፍርድ ቤት በዕለቱ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ውል የሚጽፉት ሰዎች እንኳን መጨረሻው ላይ «በፍ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» ሳይሉ አይዘጉም፤ አብዛኛው ፈራሚ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ አያውቅም። 1731 ውል በተዋዋዮች መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። 2005 ደግሞ የጽሑፍ ሰነድ በያዘው ቃል ላይ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው ይላል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ዋጋ በሰው ምስክር ለማፍረስ መሞከር አቀበት ነው። የ750 ሺው የባንክ ወረቀት ይረዳል፣ ግን በሚስቱ ሂሳብ ነው የገባው። ነገ «የብድር ዕዳ ነው የከፈለኝ» ቢሉስ? ስለዚህ ያ ገንዘብ የመኪናው ዋጋ መሆኑን የሚያሳይ ማንኛውም መልእክት፣ «ቀሪውን በሷ ሂሳብ አስገባው» የሚል አንድ መስመር እንኳን ቢሆን፣ ፈልገው ያውጡ። እሱ ከተገኘ ውሉ ይፍረስልኝ፣ 1 ሚሊዮን 350 ሺው ይመለስልኝ ብለው ይክሰሱ። ካልተገኘ የእኔ ምክር ሌላ ነው። መኪናውን መልሰው 600 ሺህ ከሚቀበሉ፣ መኪናውን ይዘው የጥገናውን ወጪና ኪሳራውን ቢጠይቁ ይሻላል። አንቀጽ 1771 ግዴታውን ካልፈጸመ ወገን ኪሳራ መጠየቅ ይፈቅዳል። በክስ ማመልከቻው ላይ ሁለቱንም በአማራጭ ማቅረብም ይቻላል።

ቀጥሎ ጊዜው። ሕጉ ገዢው ዕቃውን እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ምን እንደሆነ ገልጾ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በአንቀጽ 2298 ደግሞ ካሳወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሱ መብትዎን ያጣሉ፤ ሻጩ በተንኰል ካዘናጋዎት በቀር። ያኔውኑ መደወልዎ መልካም ነው፣ ግን ስልክ ደወልኩ ማለትና አሳወቅሁ ብሎ ማስረዳት ይለያያሉ። ከስልኩ በኋላ የላኩት መልእክት ካለ እንዳያጠፉት። ዛሬውኑ ደግሞ በጽሑፍ ይላኩለት። በእኛ አካባቢ መንገድና ኔትወርክ የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ፣ እስካሁን የዘገዩት በዚያ ምክንያት ከሆነ ይህንንም ደብዳቤው ላይ ይጥቀሱት። እንዲህ አሳጥሮ መጻፍ ይበቃል፦

«በዚህ ቀን በተፈረመ ውል ከእርስዎ የገዛሁት፣ የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥሩ ይህ የሆነው መኪና፣ ሞተሩ ያልተነካና 96 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ቢሆንም፣ ቴስታው ቀድሞ የተበየደና ከ214 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተነዳ መሆኑን በዚህ ቀን ደርሼበት በስልክ አሳውቄዎታለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረስዎ በ15 ቀን ውስጥ ገንዘቤን መልሰው መኪናውን እንዲረከቡ፣ ካልሆነ በሕግ የምጠይቅ መሆኑን አስታውቃለሁ።»

በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩት፤ ደረሰኟ ማስረጃ ናት። በቴሌግራምም ፎቶውን ይላኩለት። 15 ቀኑ እኔ የመረጥኩት ነው፣ ሕግ የወሰነው አይደለም።

ሽማግሌ ልላክ ካሉም ይላኩ። ጎጃም ውስጥ ብዙ የመኪና ጠብ በሽማግሌ ያልቃል፤ ከፍርድ ቤት ምልልስም ይሻላል። ግን ደብዳቤው ይቅደም። «ለፋሲካ እንገናኝ፣ ለመስቀል እንጨርሰው» ሲባባሉ ዓመቱ ያልቅብዎታል፣ ሽምግልናው የክሱን ጊዜ አያቆመውም። ከተስማማችሁ ደግሞ በወረቀት ይስፈር፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ።

መኪናውን አሁኑኑ ያቁሙት። መካኒኩ የፈታው ቴስታ አይጣል፣ አይጠገንም። ሻጩ እንዲያየው ጥሪ ሳይደርሰው ጠግነው ከነዱት፣ ነገ ፍርድ ቤት በባለሙያ ይታይልኝ ሲሉ የሚታይ ነገር አይኖርም። ብየዳውን ከቅርብ ፎቶ ያንሱት፣ ጋራዡም ያየውን በማኅተሙ ይጻፍልዎት። የደላላውን ማስታወቂያ ዛሬ ስክሪንሾት ያድርጉት። ማታ ሊጠፋ ይችላል። የሻጩን የድምፅ መልእክትም ሌላ ስልክ ላይ ያስቀምጡ፤ ከሁሉም ማስረጃዎ እሷን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ከደላላው ሳይሆን ከራሱ አፍ የወጣች ናት።

ደላላውን በተመለከተ ብዙ ተስፋ አያድርጉ። የውሉ ተዋዋይ አይደለም፣ የመኪናው ዋስም አልሆነም። ሻጩ የነገረውን ከሆነ የለጠፈው፣ ነጻ ይወጣል። ውሸት መሆኑን እያወቀ ከለጠፈ ግን ከሻጩ ጋር አብረው ሊከሱት ይችላሉ። ባይከሱትም ምስክር ሊሆንዎት ይችላል፤ «ያልተነካ ነው ብሎ የነገረኝ እሱ ነው» ካለ የሻጩ ነገር አለቀ።

ፖሊስ ጋ መሄድ መብትዎ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነት ወንጀል ነው፤ የውሸት ነገር መናገር ብቻ ሳይሆን መግለጽ የሚገባውን መደበቅም ይጨምራል። ግን የወንጀል ማስረጃ ከፍትሐ ብሔሩ ይከብዳል። ዐቃቤ ሕግ ሻጩ ያውቅ እንደነበር ማስረዳት አለበት። የካርዷ ቀን በሻጩ ጊዜ ከሆነ ያመልክቱ። ካልሆነ ፖሊስ ጣቢያ ሲመላለሱ የፍትሐ ብሔሩ ጊዜ እንዳያመልጥዎት።

ክሱን ፍኖተ ሰላም ላይ ለመክፈት አይሞክሩ። ሻጩም ባሕር ዳር ነው፣ ውሉም የተፈረመው እዚያው ነው። የዳኝነት ክፍያው በሚጠይቁት ገንዘብ መጠን ስለሚሰላ፣ የ600 ሺውንና የ1 ሚሊዮን 350 ሺውን ምርጫ ሬጅስትራር ጋ ከመቅረብዎ በፊት ከጠበቃ ጋር ይጨርሱት።