ጥያቄና መልስ፦ እንክብልን ሳያቋርጡ ማምረት

ስለ ግራኑሌሽን፣ ማለትም የመድኃኒት ዱቄትን እርስ በርሱ አያይዞ ወደ ደቃቅ ፍርፋሪ ስለመለወጥ፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ዛሬ እመልሳለሁ።

ዱቄቱን በቀጥታ ጨምቆ እንክብል ማድረግ አይቻልም?

አንዳንዱን ይቻላል። ብዙው ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ ወደ መጭመቂያው በእኩል መጠን አይወርድም። ቅልቅሉም በመንገድ ላይ ይነጣጠላል፤ ያን ጊዜ አንዱ እንክብል መድኃኒት ይበዛበታል፣ ሌላው ይጎድለዋል።

ተከታታይ ዘዴ ከተለመደው በምን ይሻላል?

በተለመደው ዘዴ ዱቄቱ ትልቅ ማደባለቂያ ውስጥ ይርሳል፣ ይወጣል፣ የማድረቂያውን ተራ ይጠብቃል። በተከታታዩ ግን ዱቄቱ በአንድ ጫፍ ወደ ረጅም ሲሊንደር ይገባል፤ ውስጡ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት ጠመዝማዛ ዘንጎች አሉ። ፈሳሹ እዚያው ይጨመራል። የዘንጎቹ አንዳንድ ክፍሎች ይገፋሉ፣ አንዳንዶቹ ያሻሉ፤ በሰከንዶች ውስጥ እርጥቡ ፍርፋሪ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ብዙ ሰው ፍጥነቱን ያደንቃል። እኔን የሚማርከኝ ግን ሌላ ነው፦ ትልቅ ማደባለቂያ የትንሹን ጠባይ አይደግምም፤ ስለዚህ ምርት ባደገ ቁጥር ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል። እዚህ ያንኑ ማሽን ረዘም ላለ ሰዓት ማሠራት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

መድኃኒታችን እርጥበት አይችልም። ምን እናድርግ?

ደረቁን መንገድ ይያዙ። ሁለት ሮለሮች ዱቄቱን ጨፍልቀው ጥብጣብ ያደርጉታል፤ ጥብጣቡ ይፈጫል። በሮለር ከመጠን በላይ የተጨመቀ ዱቄት ግን በሁለተኛው ጭመቃ የመያያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ እንክብሉም ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ አይጫኑት።

ተቆጣጣሪዎች ይቀበሉታል? «ባች» የሚባለውስ፣ ማለትም በአንድነት ተመርቶ በአንድ መለያ ቁጥር የሚመዘገበው ምርት፣ እንዴት ይለካል?

ይቀበሉታል። ቨርቴክስ ኩባንያ የሚያመርተው የሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባን የሚጎዳ በዘር የሚተላለፍ በሽታ) መድኃኒት ኦርካምቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የተፈቀደው በተከታታይ መስመር የሚመረት ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደቀው ዓለም አቀፍ መመሪያ አይሲኤች ኪው13 ደግሞ ባች በወጣው ምርት፣ በገባው ጥሬ ዕቃ ወይም በተሠራበት ጊዜ ሊወሰን እንደሚችል ያስቀምጣል።

መስመሩ መሃል ላይ ቢዛባ ምርቱ ሁሉ ይጣላል?

አይጣልም፤ ዱቄቱ በመስመሩ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ አስቀድሞ ከተጠና፣ የተዛባው ክፍል መቼ እንደሚወጣ ይታወቃል። ሁሉም ቅንጣት እኩል ጊዜ ስለማይቆይ ግን ከፊቱና ከኋላው ያለውም ጥቂት አብሮ ይወገዳል።

ከማሽኖቹ ሁሉ አጥብቄ የማሳስበው ግን ዱቄቱን ወደ መስመሩ የሚያስገባውን መጋቢ ነው። መጋቢው ከቋቱ የሚቀንሰውን ክብደት እየመዘነ ፍሰቱን ያስተካክላል። ቋቱ እንደገና ሲሞላ የሚገባው ዱቄት ሚዛኑን ስለሚያሳስተው መጋቢው በዚያች ቅጽበት በግምት ይሠራል፤ መዛባቱም የሚገባው ያኔ ነው። ቋቱ እስኪጎድል አይጠብቁ፤ ቶሎ ቶሎ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሙሉት።