ጠይቁኝ፦ በእኩል ልዩነት የሚሄዱ ቁጥሮች የርቢ ድምር

ሐዋሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። እንደ 3፣ 7፣ 11 በእኩል ልዩነት የሚያድጉ ቁጥሮችን ዳግም ርቢ (እንደ 3×3) እና ሣልስ ርቢ (እንደ 3×3×3) ስለ መደመር ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው። መነሻው ቁጥር መ፣ ልዩነቱ ል፣ ብዛቱ ብ ይሁን።

ጥያቄ (ግንበኛ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ)፦ መምህር፣ ለሐውልት ደረጃ ያለው መቀመጫ እየሠራን ነው። ላዩ 3 በ3 ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ቀጥሎ 7 በ7፣ 11 በ11፣ 15 በ15፣ ከሥር 19 በ19። ስንት ድንጋይ ልዘዝ?

መልስ፦ 765፤ ለሚሰበረው መጠባበቂያ ይጨምሩ። ቀመሩ ብ×መ² + መ×ል×ብ×(ብ−1) + ል²×ብ×(ብ−1)×(2ብ−1)÷6 ነው። በእርስዎ ቁጥሮች 45 + 240 + 480 ይሆናል። ለአምስት ንብርብር አንድ በአንድ መደመርም አይከብድም፤ ቀመሩ የሚያስፈልገው ንብርብሩ ሲበዛ ነው። መሐሉን በኮንክሪት የምትሞሉት ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦ መምህር፣ የሣልስ ርቢውንም ቀመር መሸምደድ አለብኝ?

መልስ፦ አትሸምድጂ፤ ከየት እንደሚመጣ እወቂ። ከቁጥሮቹ አንዱን ቀ በይው። ከ[ቀ×(ቀ+ል)]² ላይ [ቀ×(ቀ−ል)]² ሲቀነስ 4×ል×ቀ³ ይቀራል። ዘርዝሪውና በዓይንሽ እዪው። አሁን ይህንኑ ለእያንዳንዱ ቁጥር በየመስመሩ ጻፊና ደምሪ። አንዱ መስመር የደመረውን ቀጣዩ መስመር ይቀንሰዋል፤ የሚተርፉት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጫፍ ብቻ ናቸው። የግንበኛውን ቁጥሮች እንውሰድ። የመጨረሻው ቁጥር በቀጣዩ ሲባዛ 19×23 = 437፤ የመጀመሪያው ከእሱ በፊት ባለው ሲባዛ 3×(−1) = −3። 437² − (−3)² = 190,960። ይህን ለ4×4 ስናካፍል 11,935 እናገኛለን። እኔ በሒሳብ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚለኝ ነገር ጥቂት ነው።

ጥያቄ (ያችው ተማሪ)፦ ከ1 ጀምሮ ሲሆን የሣልስ ርቢዎቹ ድምር የቁጥሮቹ ድምር ዳግም ርቢ ነው ተብለናል። መነሻው ሌላ ሲሆንስ?

መልስ፦ የቁጥሮቹን ድምር ደ እንበለው። መልሱ ል×ደ² + መ×(መ−ል)×ደ ነው። መ እና ል ሁለቱም 1 ሲሆኑ ሁለተኛው ክፍል ይጠፋና የተማርሽው ይቀራል። ለእኛ ቁጥሮች ደ = 55 ነው፤ 12,100 − 165፣ ያው 11,935።

ጥያቄ (አባት፣ ለልጃቸው)፦ ይህን ማን ደረሰበት?

መልስ፦ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የሒሳብና የብርሃን ሊቁ ኢብን አል-ሃይሰም ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት እስከ አራተኛ ርቢ ደርሶ ነበር። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዮሐን ፋውልሃበር በ1631 እ.ኤ.አ. እስከ 17ኛ ርቢ ያሉትን አሳተመ። ለማንኛውም ርቢ የሚሠራው የስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ የያዕቆብ ቤርኑሊ ጠቅላላ ቀመር የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ በ1713 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1 እስከ 1,000 ያሉትን ቁጥሮች አሥረኛ ርቢ በሩብ ሰዓት ግማሽ እንኳ ባልሞላ ጊዜ ደመርኩ ብሎ ጽፏል፤ ውጤቱ 32 አኃዝ አለው። ለልጅዎ ይህንን ይንገሩት።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ኮምፒውተር እያለ ቀመሩ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ከ1 እስከ 100,000 ያሉትን ሣልስ ርቢዎች በ64 ቢት ሙሉ ቁጥር (ኮምፒውተሩ ለአንድ ቁጥር በሚመድበው ውስን ቦታ) ደምር። ድምሩ ከቦታው ስለሚያልፍ ፕሮግራምህ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ ቁጥር ሊያወጣልህ ይችላል። ቀመሩን የሚያውቅ ሰው ግን ውጤቱ 5,000,050,000² መሆኑን ሳይጀምር ያያል።

ጥያቄ (ያው ተማሪ)፦ ል ዜሮ ቢሆንስ?

መልስ፦ በጫፎቹ የሚሠራው ዘዴ በዜሮ ማካፈል ስለሚያመጣ አይሆንም። በደ የተጻፈው ግን ይሠራል፤ መ²×ደ ይሆናል፣ እሱም ብ×መ³ ነው።