አይጥ የሚመረምር የከብት ሐኪም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጽሑፌ በሰው ሕክምና ምርምር ማዕከል ስለሚሠሩ የእንስሳት ፓቶሎጂስቶች፣ ማለትም በድንና ከአካል የተቆረጠ ቁራጭ (ቲሹ) መርምረው የበሽታና የሞት መንስኤ ስለሚፈልጉ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ሁለት መስመር ብጥል ከደሴ እስከ ባቲ ጥያቄ ዘነበብኝ። ሁሉንም አልችለውም፤ የቻልኩትን እነሆ።

«ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና አምስተኛ ዓመት ነኝ። አጎቴ ‘የሰው ሆስፒታል ውስጥ የከብት ሐኪም ምን ሊያክም ነው?’ ብለው ሳቁብኝ። ምን ልበላቸው?» (ከደሴ)

አጎትህ አልተሳሳቱም፤ ምንም አያክምም። የፓቶሎጂስቱ ሥራ እንስሳው ለምን እንደታመመ ወይም እንደሞተ ማወቅ ነው።

ለካንሰር ወይም ለስኳር መድኃኒት የሚፈልግ ተመራማሪ ከሰው በፊት በአይጥ ይሞክራል። ሙከራው ሲያልቅ የአይጧ ጉበት፣ ኩላሊትና ሳንባ ፎርማሊን (እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ ይገባል፣ በሰም ይያዛል፣ ከዚያ አራት አምስት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ሆኖ ይቆረጣል። የራስህ ፀጉር ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። ቀለም ጠጥቶ ስላይድ (በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስስ መስታወት) ላይ ሲቀመጥ ፓቶሎጂስቱ ያነበዋል፦ ይሄ ቁስል የመድኃኒቱ ነው? የእርጅና ነው? ወይስ የአይጧ የዘር ጣጣ?

የዘር ጣጣ ያልኩት ቀልድ አይደለም። ኤፍቪቢ የሚባሉት የላቦራቶሪ አይጦች በዘር በሚወርሱት ጉድለት ምክንያት በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዓይናቸው ይጠፋል። ይህን ያላወቀ ሰው ምልክት እያዩ መንገድ በሚፈልጉበት ሙከራ ቢፈትናቸው «መድኃኒቴ የማስታወስ ችሎታቸውን ጎዳ» ብሎ ሊጽፍ ነው። ምስኪኖቹ ግን ድሮውንም ምልክቱን አላዩትም። የዓይናቸውን ስላይድ ያየ ፓቶሎጂስት በአምስት ደቂቃ ይነግረዋል።

ሌላም ልጨምርልህ። በ1999 እንደ ፈረንጆች ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎች በአንጎል ብግነት ሲታመሙ የሰው ጤና ባለሙያዎች «የሴንት ሉዊስ ቫይረስ ነው» አሉ። በዚያው ሰሞን ቁራዎች ይረግፉ ነበር፤ የብሮንክስ መካነ እንስሳት ወፎችም ተከተሉ። የመካነ እንስሳቱ ፓቶሎጂስት ትሬሲ ማክናማራ በድኖቹን ከፍታ አየችና «የሴንት ሉዊስ ቫይረስ ወፍ እንዲህ አይፈጅም» ብላ ድርቅ አለች። በኋላ ዌስት ናይል ቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ የዓለም ክፍል ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም።

አጎትህ አሁንም ካላመኑ ስለ ክፉ ቀን ጠይቃቸው፤ ወሎ ውስጥ ያልሰማ የለም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር «ደስታ» የሚባለው በሽታ በሬውን ፈጀ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ቀጥሎ ሰው አለቀ። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 እንደ ፈረንጆች ነው፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው።

«ዲቪኤም (የእንስሳት ሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ) ከያዝኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ወረዳ ላይ ክትባት እሰጣለሁ፤ ማይክሮስኮፕ ካየሁ ቆይቻለሁ። መንገዱ ከየት ይጀምራል?» (ከኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ አልረፈደም። ግን ረጅም ነው።

ውጭ አገር የሚኬደው በሬዚደንሲ፣ ማለትም እየሠሩ በሚማሩት የስፔሻሊስት ሥልጠና ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት በድን እየከፈቱ፣ ስላይድ እያነበቡ ይቆዩና ከባድ ፈተና ይፈተናሉ። የአሜሪካው የፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ከ1949፣ የአውሮፓው ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው። ዘርፉ ሁለት ነው፦ አንዱ ቲሹ ያነባል፣ ሌላው ደምና የሰውነት ፈሳሽ። የምርምር ማዕከላት ብዙ ጊዜ ፒኤችዲም ይፈልጋሉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ስድስት ሰባት ዓመት ይሄዳል። ዕድሜሽንም ኪስሽንም አስልተሽ ግቢ። የየፕሮግራሙን መመዘኛ ደግሞ ከሰሚ ሰሚ ሳይሆን ከራሳቸው ጠይቂ።

አገር ቤት ቢሾፍቱና ጎንደር ሁለተኛ ዲግሪ መማር ትችያለሽ። ለሕክምና ምርምር ቅርብ የሆነው ደግሞ አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ነው፤ በሥጋ ደዌ ጀምሮ ዛሬ ከብት ላይ የሚገኘውን ነቀርሳ ሳይቀር ያጠናል። ላታልልሽ ግን አልፈልግም፦ «የእንስሳት ፓቶሎጂስት» ተብሎ የሚወጣ ማስታወቂያ ብርቅ ነው። መምህር ወይም ተመራማሪ ተብለሽ ነው የምትገቢው።

እስከዚያው አጠገብሽ ያለውን ተጠቀሚ። የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪው እዚያው ኮምቦልቻ ነው። ቄራም ሂጂ፤ አንድ ጠዋት የምታዪውን ጉበትና ሳንባ ሌላ አገር ያለ ተማሪ በወር አያገኘውም። ስትመዘግቢ ግን የበሽታውን ስም አትጻፊ። «የጉበት ትል» ከማለትሽ በፊት ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ቅርጹን፣ ሲቆረጥ መጠንከሩን፣ አንድ ቦታ ይሁን የተበታተነ መሆኑን ጻፊ። ፈታኞች የሚፈልጉት ይህን ዓይን ነው። ስሙን ከመጽሐፍ ማንም ያገኘዋል።

«ዶክተር፣ ልጄ ቀኑን ሙሉ ከጥንብ ጋር ልትውል ነው? በሽታ አይዛትም?» (አንዲት እናት፣ ከሐይቅ)

እናቴ፣ የሚሸተው ሁሉ አይገድልም፤ የሚገድለው ሁሉም አይሸትም። በጓንት፣ በጭንብልና በሥርዓት ከተሠራ በድኑ ያን ያህል አያስፈራም። እኔን የሚያሳስበኝ ፎርማሊኑ ነው፤ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመዘገበ ነገር ነው። «የምትሠሩበት ክፍል አየር ያስወጣል ወይ?» ብለው ይጠይቋት። የእብድ ውሻ ክትባትም ትከተብ።

«የሞተች ፍየል ናሙና ልኬ ‘ተበላሽቷል’ ብለው መለሱልኝ። ጥፋቴ ምንድን ነው?» (የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከባቲ)

የባቲ ፀሐይ ነው ዋናው ጥፋተኛ! በዚያ ሙቀት የሞተ እንስሳ በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ በበሰበሰ ቲሹ ላይ ማንም ምንም አያነብም። ቶሎ ክፈት፣ ቶሎ ቁረጥ። ቁራጩ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይወፍር፤ ቢቻል ግማሹ ይበቃል። ፎርማሊኑ የቲሹውን አሥር እጥፍ ይሁን። ፎርማሊን ውስጥ የገባውን በረዶ ቤት አታስገባ። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚላከው ግን የተለየ ነው፤ እሱ ፎርማሊን አይነካውም፣ በበረዶ ይሄዳል።

የዕቃውን ነገር ደግሞ ከእኔ ተማር። ጀማሪ ሳለሁ የበግ ጉበት በሃይላንድ ጠርሙስ አፍ ውስጥ እየጨመቅኩ ከትቼ ላክሁ። ሲገባ እንደ ሊጥ ነበር፤ ፎርማሊኑ ሲያደርቀው እንደ ጎማ ሆኖ አልወጣ አለ። ጠርሙሱን በቢላ ቀደው ቢያወጡት ዳር ዳሩ ደርቆ መሃሉ ሸቷል። የላቦራቶሪው ሰውዬ ስልክ ደውሎ «ጠርሙሱ የምን በሽታ ነበረበት?» አለኝ። አፈ ሰፊ ዕቃ ያዝ፣ ወንድሜ።

አንድ ነገር ግን በፍጹም እንዳትረሳ። እንስሳው በድንገት ወድቆ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር የማይረጋ ደም ካየህ አትክፈተው፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ከተከፈተ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ከጆሮው ጥቂት ደም በስላይድ ቀብተህ ላክ፤ ቆዳውን እንዳይገፉት፣ ሥጋውን እንዳይከፋፈሉት ሰዉን ተቆጣጠር።

«ኮምፒውተር ስላይድ ያነባል ይባላል። ሥራው ሊቀር ነው?» (ከወልዲያ)

መቁጠርና መለካት ላይ ከእኛ ይፈጥናል፤ ይፍጠን። ፍየሏ ከመሞቷ በፊት ምን እንደበላች ባለቤቷን የሚጠይቀው ግን ሰው ነው።

«ደም ሳይ ራሴን እስታለሁ። ልቀጥል?» (ከላሊበላ)

እኔም የመጀመሪያ ቀን ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። ቁርስ በልተህ ግባ፤ ሦስት ጊዜ ሞክር። ካልሆነልህ ስላይድ ላይ ያለው ደም ሮዝ ነው፣ አይሸትም።