ለኩላሊት ሕመምተኛ የሚሆን መክሰስ

እህቴ፣ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው አባትሽ በምግብ መሀል ሲርባቸው ምን ላቅርብላቸው ብለሻል። መጀመሪያ የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራቸውን እዪ። ፖታሲየማቸው (የታመመ ኩላሊት በደንብ የማያስወግደው ማዕድን) ካልጨመረ ሙዝ በከንቱ አትከልክያቸው። ከፍ ካለ ግን መካከለኛ ሙዝ 420 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም ስላለው፣ ግማሹን ያህል ብቻ የያዘው ፖም ይሻላል።

እኔን የሚያሰጋኝ ግን ከፍራፍሬው ይልቅ የታሸገው ነው። ጨው በቀን ከ5 ግራም ባይበልጥ ይመከራል፤ ቺፕስ እየበሉ ደግሞ እዚያ ላይ መቆም ከባድ ነው። ማሸጊያው ላይ «ፎስፌት» ወይም «ፎስፎሪክ አሲድ» የሚል ካየሽ መልሺው። በእነዚህ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስም የታመመ ኩላሊት በደንብ አያስወግደውም፤ ፋብሪካ የሚጨምረው ደግሞ በተፈጥሮ ምግብ ውስጥ ካለው በበለጠ ወደ ደም ይገባል። «ሶዲየም የቀነሰ» የሚለውም አያታልልሽ (እኔንም አታልሎኛል)፤ አንዳንዱ በጨው ፈንታ ፖታሲየም ክሎራይድ ይገባበታል።

ቤት ውስጥ ጨው ሳይገባበት የፈካ ፈንዲሻ በልኩ ጥሩ ነው። ስኳር ሕመም ካለባቸው መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩበት። ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ከጀመሩ ደግሞ የፕሮቲን ፍላጎታቸው ስለሚጨምር የተቀቀለ እንቁላል፣ በተለይ ነጩ፣ ከብስኩት ይሻላቸዋል።